መሃለኛው ስፒከር

አባቴ ተቀምጦ ፊልም ማየት ያቃተው እኔ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት የቅዳሜ ከሰዓት የሱ ነበረች። ከጋራዥ ይመጣል፣ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ይፈትጋል፣ የሶፋውን ጥግ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢነድ እንኳ አይነሳም። በዚያ ሰሞን ግን አስር ደቂቃ መቀመጥ አቃተው። ይነሳና አንዱን ስፒከር ከመስኮቱ ሥር ወደ ቁም ሳጥኑ ጎን ያዞራል። ይቀመጣል። ደግሞ ይነሳል። ሽቦ ይነቅላል፣ ይሰካል፣ አቧራ እፍ ይላል።

«እነዚህ ሰዎች ቃላቸውን ይውጣሉ» ይላል። «ፍንዳታው ይሰማል፤ ሙዚቃው ይሰማል፤ ሰው ሲናገር ግን አፉ ውስጥ ጥጥ የጎረሰ ይመስላል። ዕቃው አርጅቷል።»

ዕቃው ማለት ሆም ቲያትራችን ነው። አባዬ ቤት ከሚለቅ ሰው ያገለገለውን የገዛው ነው፤ እንደ ሻንጣ የሚከብድ አምፕሊፋየር፣ አምስት ስፒከር፣ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ አንድ ጥቁር ሳጥን። እኔም አርጅቷል ብዬ አመንኩ። አባቴ ስለ ድምፅ ከተናገረ ማን ይከራከራል?

ጋራዡ ውስጥ ስሙ «ጆሮ» ነበር። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ደንበኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ። «ጆሮ አለ?» ይላሉ በሩ ላይ፤ ከሌለ መኪናቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ክንድ የምታህል፣ እጀታዋ እንጨት የሆነ ካቻቢቴ ነበረችው። ሞተሩን ያስነሳል፤ የካቻቢቴዋን ጫፍ ብረቱ ላይ ያስደግፋል፤ የእጀታዋን ጀርባ ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ላይ ይጫናል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ጋራዡ ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ «ኩሽኔታው ነው፤ ሌላ እንዳትነኩ» ይላል። ሲፈታ ኩሽኔታው ነው።

በዓለም ላይ የሚንቀው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነበር፤ ሳያዳምጥ የሚፈታ፣ ያገኘውን ሁሉ እያወጣ አዲስ የሚያስገባ መካኒክ። «ዕቃ ቀያሪ» ይለዋል። ከአባዬ አፍ ከዚህ የከፋ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ያን ሰሞን ድምፁም ዝግ ብሎ ነበር። ድሮ ከመንገድ ማዶ ሲጠራኝ የጎረቤት ልጆችም አብረውኝ ይቆሙ ነበር፤ አሁን ግን ሲያናግረን ምስጢር እንደሚነግር ሰው ሆነ። እኔ እናቴን ስለተቀየማት መሰለኝ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ጥግ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። የሁለቱ ጠብ የተጀመረው ስለ ባለሱቁ ነው።

ባለሱቁን በቤታችን «ያለፈበት» ነበር የምንለው። ከዋናው መንገድ ማዕዘን ላይ መስታወታም ሱቅ ነበረው፤ ስትገባ አዲስ ፕላስቲክና አዲስ ስፖንጅ ይሸታል። አባዬ አንድ ቀን ይዞኝ ሄደ።

«አምፕሊፋየሩ ያለፈበት ነው ጌታዬ» አለ ባለሱቁ፣ አባዬ የዕቃውን ዓይነት ሲነግረው። «ስፒከሮቹም ያለፈባቸው ናቸው። ሽቦውማ ተወው፣ ያለፈበት ነው።»

«ሽቦም ያልፍበታል?» አለ አባዬ።

«ጌታዬ! ዋናው እኮ ሽቦው ነው!»

ከዚያ ከኋላ ወዳለች መስኮት አልባ ክፍል አስገባን። ግድግዳዋ በጨርቅ ተለብጧል። አባዬን ከቆዳ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ፊልም ከፈተ። አንድ ሽማግሌ ሰው ከልጁ ጋር ይነጋገራል። አባዬ ወደ ፊት አልተጎነበሰም፣ አልተነሳም፣ ሽቦ አልፈለገም። ሽማግሌው ቀልድ ሲናገር ሳቀ። አባዬን ሲስቅ ካየሁ ወራት አልፈው ነበር። እኔ የአዲሱን አምፕሊፋየር ሰማያዊ መብራት እያየሁ «ይሄ ቤታችን ካልገባ እሞታለሁ» አልኩ በልቤ።

ዛሬ ያቺን ክፍል ሳስብ የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው፤ ሽማግሌው በተናገረ ቁጥር ደረቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሸሚዜ ቁልፎች ሳይቀሩ። ያን ያህል ከተጮኸማ ማን አይሰማ!

እናቴ ስትሰማ መርፌዋን ከጨርቁ ላይ ሰካች።

«ለጋራዥህ ያስቀመጥነውን? ለሳጥን?»

አባዬ የራሱን ጋራዥ ለመክፈት ለዓመታት ጥሪት ይዞ ነበር። ቦታውን ሳይቀር አይቶታል፤ ከመንገዱ ዳር፣ በሩ የተጣመመ አንድ ክፍል። በሩ ላይ ትልቅ ጆሮ እንደሚያስል ይቀልድ ነበር።

«እስከዚያ ምን ልስማ?» አላት በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። «ቤቴ ስገባ ሰላም የለኝም።»

«ምናልባት ከዕቃው ባይሆንስ?»

«ከምንድን ነው ታዲያ?» ፊቱ ጠቆረ። «ከኔ ነው? ዛሬ ጠዋት የደንበኛውን ሞተር ቫልቭ ማን ሰማው? ጆሮዬ ቢደክም ሞተር እንዴት እሰማለሁ? ጆሮዬን አትንኪብኝ፤ እንጀራዬ ነው።»

እማዬ መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። ጭቅጭቅ የምታቆመው እንዲህ ነበር።

ረቡዕ ዕለት አጎቴ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ቀልደኛ፣ ኪሱ ሁልጊዜ ብሎን የሚንኳኳበት። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ፤ እነሱ ሳሎን ናቸው። እማዬ ረግጣ ስታቆም ይሰማኛል፤ ስትረግጥ ደግሞ ይጠፋብኛል።

«... ጮክ ስል ለምን ትጮሂብኛለሽ ይላል፤ ቀስ ስል ይቀየማል...» መርፌው ተንቀጨቀጨ። ቆመ። «... ሐኪም ብዬ ባነሳሁበት ሳምንት ሦስት ቀን አላናገረኝም።»

«ያ ያለፈበት ከሰማ ደግሞ በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ያውቃል» አለ አጎቴ። «እሱ ሱቅ የማይቆም ባለመኪና የለም።» መርፌው ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። «... መሃለኛውን ከፍ፣ ሌሎቹን ዝቅ ነው። በፊልም ሰው የሚናገረው በመሃለኛው ስፒከር ነው። አዲስ ነገር አስገባሁበት እለዋለሁ።»

«ሳታስገባ?»

«ሳላስገባ፤ እሱ ሳያውቅ። ቢያንስ ገንዘቡን ከማጥፋት ይድናል። ሐኪሙን ቀስ ብለን...»

መርፌው እንደገና ጀመረ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ያወጣል? እኔ ያወጣሁት ይኼን ነው፤ እናቴና ወንድሟ ተመካክረው አባቴን ሊያታልሉ ነው። አዲሱን ዕቃ ሊከለክሉት፣ አሮጌውን ጠገንን ብለው ሊሸነግሉት። በንዴት የእርሳሴን ጫፍ ሰበርኩት። ለአባዬ ብነግረው እማዬ ትክዳለች፤ ስለዚህ ማስረጃ ያስፈልገኛል።

ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ ጋራዥ ውስጥ አይቻለሁ። መካኒክ የማያምን ደንበኛ መኪናውን ከማስረከቡ በፊት በድብቅ አሮጌው ዕቃ ላይ የቀለም ነጥብ ያሳርፋል። ሲመለስ ነጥቧ ካለች ዕቃው አልተቀየረም ማለት ነው። አባዬ ሲያያቸው ይስቅ ነበር እንጂ አይቀየምም፤ «ነጥብ የሚፈራ ሌባ ብቻ ነው» ይላል። እኔም የእማዬን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቄ የመሃለኛውን ስፒከር ጨርቅ መሸፈኛ ነቀልኩና፣ ከውስጥ ካለው ድምፅ አውጪ ጥቁር ወረቀት ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ አሳረፍኩ። መሸፈኛውን መለስኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ጋራዥ እያለ አጎቴ መጥቶ ሠራ። ከበሩ ሆኜ አየሁት። መሃለኛውን ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር አወጣና፣ በሁለት ጡብ ከፍ አድርጎ ከተቀማጭ ጆሮ ጋር አስተካከለው። ከአንዱ ስፒከር ጀርባ ሽቦው ተገልብጦ መሰካቱን አገኘ፤ አባዬ ሲነቅል ሲሰካ ያሳሳተው ነው። «እሰይ፣ አንድ እውነተኛ ብልሽት!» ብሎ ሳቀ። አምፕሊፋየሩን ጠቅ ጠቅ አደረገ። ምንም አልገዛም፣ ምንም አልለወጠም።

ያ አምፕሊፋየር ዛሬ እኔ ቤት ነው። ባለፈው ወር አንድ ሻጭ፣ ወጣትና ትሁት፣ ሁሉንም እንድቀይር መክሮኝ ነበር። አመስግኜው ወጣሁ፤ የገዛሁት የዲስክ ማጫወቻ ብቻ ነው፤ የበፊተኛው በእርግጥ ሞቶ ነበርና። ስፒከር የት ላስቀምጥ ብዬ ስጨነቅ ግን ዛሬም የምሠራው ያን ጠዋት ያየሁትን ነው።

አባዬ እኩለ ቀን ላይ መጣ። አጎቴ «ጋሼ፣ ውስጡ ያለውን ቀየርኩልህ፤ እስቲ ስማው» አለው። አባዬ ተቀመጠ። ፊልሙ ተጀመረ። ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ቁልፍ ይከራከራሉ። አባዬ ቀና አለ።

«ሰማችሁ? "ቁልፉን አንቺ ነሽ የደበቅሽው" አለቻት! አላልኳችሁም? ዕቃው ነበር!» ብሎ ጭኑን መታ። እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሐፍረት የያዛት መስሎኝ በውስጤ «ይገባሻል» አልኳት። ዕንባዋን እኔ ያየሁት ዛሬ ነው፣ በትዝታ።

ባለሱቁ ዕቃውን አምጥቶ ሊያሳይ ከአባዬ ጋር ቀጠሮ ነበረው፤ ከሰዓት በኋላ ሳጥኖቹን አስጭኖ ከበራችን ደረሰ። አባዬ ተቀብሎ ውሃ ሰጠው።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ አለፋሁህ። የሚስቴ ወንድም ጠገነው። መሃለኛው ውስጥ አዲስ አስገብቶበት አሁን እንደ ደወል ነው።»

«አዲስ?» ባለሱቁ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጌታዬ፣ የዚህ ዕቃ መለዋወጫ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዓመቱ! ከየት አምጥቶ?»

ሰዓቱ የኔ ነበር። ተንደርድሬ ሄጄ መሸፈኛውን ነቀልኩት።

«ምንም አልቀየረም! ነጥብ አድርጌበት ነበር! ይኸው አባዬ! ይኸው! ረቡዕ ሲመካከሩ ሰምቻለሁ፤ ሳላስገባ አስገባሁ እለዋለሁ ብሏል!»

ቀይዋ ነጥብ ከጥቁሩ ወረቀት ላይ አፈጠጠች። አባዬ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካት። ቀና ሲል አጎቴን አየው።

«እውነት ነው?»

አጎቴ እናቴን አየ። ባለሱቁን አየ። ከዚያ ትከሻውን ከፍ አድርጎ «እውነት ነው ጋሼ» አለ። «ሰነፍኩ። መፍታቱ ከበደኝና ዋሸሁ።»

«ዕቃ ቀያሪ ስንቅ ኖሬ» አለ አባዬ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ «ዕቃ እንኳ ያልቀየረ ዕቃ ቀያሪ ከቤቴ አገኘሁ። ከፊቴ ጥፋልኝ።»

አጎቴ ቦርሳውን አነሳ። በአጠገቤ ሲያልፍ ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ» አለኝ። «ጥሩ መካኒክ ይወጣሃል።» የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ስለ አባቴ ጆሮ ባለሱቁ ፊት አንዲት ቃል ቢተነፍስ ራሱን ነጻ ያወጣ እንደነበር፣ አባዬ ገና ያልከፈተው ጋራዥ ግን ያን ዕለት ይዘጋ እንደነበር የገባኝ ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው።

ባለሱቁ አላመነታም። «እንግዲህ ሞክሩት፤ ካልወደዳችሁ እመልሰዋለሁ» አለ። እኔ ካርቶን እየቀደድኩ፣ ስፖንጁን እየረገጥኩ በደስታ ሰከርኩ። ሰማያዊው መብራት ቤታችን ውስጥ በራ። ያው ፊልም፣ ያው ሁለት ሴቶች።

አባዬ አንገቱን ወደ ፊት ሰገግ አደረገ።

«ትንሽ ከፍ አድርገው።»

ባለሱቁ ከፍ አደረገ።

«ጨምርበት።»

ጨመረ። የቁም ሳጥኑ መስታወት መርገፍገፍ ጀመረ። አባዬ እጁን እያወዛወዘ ጨምር ይላል። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ሴቶቹ አሁን አይከራከሩም፤ ያገሳሉ። ሁለቱንም ጆሮዎቼን በመዳፌ ያዝኩ።

አባዬ ዞር ሲል አየኝ። ቀጥሎ ባለሱቁን አየ፤ እሱም ፈገግ እንዳለ አንድ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከቶ ነበር። ከዚያ እናቴን አየ። እሷ ጆሮዋን አልያዘችም። እጆቿን ጨርቁ ላይ አስቀምጣ እሱን ብቻ ታያለች።

«ዝቅ አድርገው» አለ።

ወጣ። ሲመለስ ካቻቢቴዋን ይዟል። ባለሱቁ ሊፈታበት መስሎት ደንግጦ ብድግ አለ።

አባዬ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጫፏን ከአዲሱ ስፒከር አስደገፈ፣ እጀታዋን ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ ተጫነ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ጋራዡ ሁሉ ዝም አልን። ከዚያ እጀታዋን ከአጥንቱ አነሳና ጆሮውን ራሱን ወደ ስፒከሩ አስጠጋ። እንደገና አጥንቱ ላይ። እንደገና በጆሮው።

«ፊልሙን በአሮጌው አጫውትልኝ። ከዚያችው ቦታ ጀምረህ።»

ባለሱቁ ሽቦ ቀያየረ። አባዬ ቀይ ነጥብ ባለበት በኛ ስፒከር ላይ እንደዚያው አደረገ፤ በአጥንቱ፣ በጆሮው፣ በአጥንቱ፣ በጆሮው። እኔ የቱን እንደሚመርጥ እያማረጠ መስሎኝ «አዲሱን በል፣ አዲሱን በል» እላለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የግራ ጆሮዬ መፍዘዝ ሲጀምር፣ ሐኪሟ የሚንዘረዘር ሹካ መሰል ብረት ከጆሮዬ ኋላ አጥንቱ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ አንስታ ከጆሮዬ ፊት ያዘችው። «የቱ ይበልጥ ይሰማሃል?» አለችኝ። አጥንቱ አልኳት። «ነርቭህ ደህና ነው እንግዲህ፤ ድምፁ ነርቭህ ጋ ሳይደርስ በመንገድ ነው የሚቀረው» አለች። «በቤተሰብ አለ?» ሳቅሁ። አባቴ ይህን ምርመራ ማንም ሳያስተምረው፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ በገዛ ራሱ ላይ አድርጎታል። ሞተሩን ሁሌም በአጥንቱ ይሰማ ስለነበር ነው ጆሮው መድከሙን ያላወቀው። የገዛ ድምፁም በአጥንቱ በኩል ጮኾ ስለሚሰማው ነበር ዝግ የሚለው። ያቺ ካቻቢቴ ለዓመታት ሸነገለችው፤ እውነቱን የነገረችውም እሷው ናት።

አባዬ ከወለሉ ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ።

«ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«እንዴት ሁለቱም? አሮጌው እኮ ያለፈ...»

«ደህና ነው። ያንተም ጥሩ ዕቃ ነው። ሰብስበህ ውሰደው፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አለ ባለሱቁ፤ ግራ ተጋብቶ። ሌባ አልነበረም፤ የሚሸጠውን ነገር የሚያምንበት ሰው ነበር።

«አግኝቼዋለሁ» አለ አባዬ። «እሱን እኔ አስጠግነዋለሁ።»

ሰማያዊው መብራት ጠፍቶ ሳጥኖቹ ሲወጡ እስከ በሩ ተከተልኳቸው። በሩ ሲዘጋ አባዬ ከስፌት መኪናው አጠገብ ሄዶ ቆመ፤ የእማዬን አፍ አፍ እያየ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ዓመት» አለች፤ ጮክ ብላ። አልተቆጣትም።

«ወንድምሽም ለዚሁ ነው የዋሸው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አባዬ ካቻቢቴዋን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ዱላ ጠበቅሁ።

«ሂድ አጎትህን ጥራው። ሩጥ።»

ሮጥኩ። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምለው ሳዘጋጅ መጥቼ፣ ሳየው ሁሉም ጠፋኝ። ምን እንዳጠፋሁ ገና አልገባኝም፤ ማጥፋቴ ብቻ ነበር የታወቀኝ።

«አባዬ ይጠራሃል።»

«ሊገርፈኝ ነው ሊመርቀኝ?»

«አላውቅም።»

«እንደሱ ከሆነ እጄን ይዘህ ውሰደኝ፤ ብቻዬን ፈራሁ።» እጁን ሰጠኝ። እስከ ቤት አልለቀቅሁትም።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ካቻቢቴዋን አላስቀመጣትም። አጎቴ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመና፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣ በአፉ ጥግ ቀለደ፤

«ጋሼ፣ በካቻቢቴ ልትወጋኝ ነው?»

አባዬ አልሳቀም። አልተቆጣም። አጎቴን ትክ ብሎ እያየ እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ፤ ደንበኞቹ በሚያልፉበት፣ ጎረቤት ሁሉ በሚያይበት መንገድ ላይ።

«ጮክ በል» አለው። «አልሰማሁህም።»